የጤና ቡድናችን ግምገማ

የእኛ ጤና ቡድን አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት ጤና ቡድኖች ሁሉ ትልቁን ቦርጭ የያዘ ነበር። ይህን የምለው ሳላጋንን ነው። ላጋንን ካልኩማ፣ የመሐል ተከላካያችን ለማዕዘን ምት ሲወጣ መጀመሪያ ቦርጩ ይደርስና ቦታ ይይዝለታል፣ እሱ ቆይቶ ይመጣል እላለሁ። እሁድ እሁድ ማለዳ፣ ከቂርቆስ ቤተክርስቲያን ዝቅ ብሎ ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ባለው ሜዳ እንሰበሰባለን። ሜዳው ሣር ነበረው ይባላል፤ ያየ ግን የለም። ከመካከላችን የመንግሥት ሠራተኛ አለ፣ መምህር አለ፣ ነጋዴ አለ፣ አስቀድሶ ነጠላውን በቱታው ላይ አጣፍቶ የሚመጣ አለ። ሁሉም አርባን አልፏል፣ ሁሉንም ሐኪም "ተንቀሳቀስ" ብሎታል።

እውነቱን ለመናገር የምንጫወተው ኳስ አልነበረም፣ ጭቅጭቅ ነበር። ኳሷ ሰበብ ናት። አሰልጣኝ የለንም፤ ማለቴ ሁሉም አሰልጣኝ ነው። አንዱ "አቀብል" ሲል ሌላው "ያዛት" ይላል፣ ኳስ እግሩ ሥር ያለችው ሰውዬ ሁለቱንም ላስደስት ሲል ተጠላልፎ ይወድቃል። ከዚያ ፉል ቤት እንገባና ሜዳ ላይ ያላለቀውን ንትርክ በዳቦ እያጠቀስን እንጨርሳለን። ሰው ቤቱ የሚገባው ድምፁ ተዘግቶ፣ ልቡ ግን ተከፍቶ ነው።

በረኛችን ሐጂ ነበሩ። ሐጂ ያልናቸው እኛ ነን እንጂ እሳቸው መካን አላዩም፤ "ለጊዜው በቀብድ ጥሩኝ፣ አላህ ሲል እሞላዋለሁ" ይላሉ። በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው፣ ካዛንቺስ ውስጥ ጨርቅ ሲቆርጡ የሸበቱ ሰው ናቸው። በረኛ የሆኑት ችሎታ ኖሯቸው ሳይሆን መሮጥ ስለማይችሉ ነው። ኳስ ስትመጣ በአንድ እጃቸው ቆባቸውን ይይዛሉ፣ በሌላው ኳሷን። ቆቡ አምልጧቸው አያውቅም።

ካዛንቺስ ሲፈርስ ቡድናችንም መሐሉ ላይ ተቀደደ። ግማሾቻችን ከተማው ጫፍ ወዳሉት ኮንዶሚኒየሞች ተበተንን፤ አንዳንዱ የደረሰው ሩቅ ከመሆኑ የተነሳ የእሁዱ ጨዋታ እንዳያመልጠው ሐሙስ ሳይነሳ አይቀርም። ሐጂ ሱቃቸውም ቤታቸውም እዚያው ሰፈር ስለነበሩ ሁለቱም አንድ ላይ ሄዱ። ልጃቸው ዘንድ አራተኛ ፎቅ ላይ ገቡ። አንድ እሁድ ፉል ስንበላ ወደ እኔ ዘንበል ብለው እንዲህ አሉኝ፦

"ሳምንቱን ሙሉ ስሜን የሚጠራኝ ሰው የለም፣ ወላሂ። እዚህ መጥቼ ስትሰድቡኝ ነው ሰው መሆኔ ትዝ የሚለኝ።"

እኔም እንደ ልማዴ ቀለድኩ፤ ስድቡን ከፈለጉት በስልክም ልንልክልዎ እንችላለን አልኳቸው። ሳቁ። ግን እንዳልቀለዱ ገብቶኛል። ሁለት ታክሲ ቀይረው ከሁላችንም ቀድመው ሜዳው ላይ የሚገኙት እሳቸው ነበሩ። የሜዳው በር ሳይከፈት ደርሰው፣ ጓንታቸውን አድርገው አጥሩ ሥር ቆመው ይጠብቁናል።

ያ ወቅት ሰው ሁሉ የተኮሳተረበት ነበር። ትናንት የነበረ ዳቦ ቤት ዛሬ የለም። ከቀጠሮህ ቀርተህ "መንገዱን አጣሁት" ብትል ማንም ውሸታም አይልህም። እንዲህ ሆነን ሳለ ከስታዲየም በኩል የሚመጣ ሌላ ጤና ቡድን ገጠመንና አዋረደን። ስንት ለስንት እንደተሸነፍን ለባለቤቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ሲያልቅ መምህሩና አንድ የባንክ ሠራተኛ "አንተ ነህ፣ አንተ ነህ" ተባብለው አንገት ለአንገት ተያያዙ። ድሮም እንጨቃጨቃለን፤ እጅ ሲነሳ ግን ያን ቀን መጀመሪያችን ነው። ገላገልናቸው፣ ከዚያ ሁላችንም ዝም አልን። ሼም ያዘን።

በዚያ ዝምታ መሐል ቀኝ ተመላላሻችን ተናገረ። አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል የሚሠራ፣ ሰማያዊ ቱታ የሚለብስ፣ ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን የሚይዘው ሰው ነው። ድምፁን ሰምቼው ስለማላውቅ መጀመሪያ ማን እንደተናገረ ዞር ዞር ብዬ ፈለግሁ። በጣቱ እየጠቆመ፣ ቀስ ብሎ፣ "አንተ እዚህ ቁም። አንተ እዚያ። አንተ ከእሱ ኋላ" አለ። ምን እንደነካን አላውቅም፣ ሄደን ቆምን። ጨዋታው እኮ አልቋል! ተጋጣሚዎቻችን ልብሳቸውን ቀይረው ፉል ቤት ገብተዋል። እኛ ግን ባዶ ሜዳ ላይ ቦታ ቦታችንን ይዘን ቆምን፣ ደስም አለን።

ስለ አምባገነን ሲወራ ሰው የሚታየው ጠረጴዛ የሚደበድብ፣ ዓይኑ የሚያስፈራ ግለሰብ ነው። እኔ ያየሁት አፍንጫውን በሶፍት የሚጠርግ ነበር። ሥልጣንም አልነጠቀንም። ለመንነው፣ እምቢ አለ። ፉል ቤት ድረስ ተከትለን ለመንነው፣ "ለናንተ ብዬ ነው" ብሎ ተቀበለ። እኔ በሳምንቱ ውስጥ አለቃዬ "ፋይሉን አምጣ" ሲለኝ ደሜ የሚፈላ ሰው ነኝ፤ ቤት ውስጥ "ቆሻሻውን አውጣ" ስባል የሰብአዊ መብት ጥያቄ አነሳለሁ። እሁድ ግን የታክሲ ከፍዬ ሄጄ፣ "ጉልበትህን ከፍ" ስባል ጉልበቴን ከፍ አደርጋለሁ። ተሰልፈን እየሮጥን ቆጠራውን በአንድ ድምፅ ስንቆጥር፣ የኔ ድምፅ ከሌላው ተለይቶ አይሰማኝም ነበር። እንዴት እንደሚያሳርፍ! ሰፈሩ የት እንደገባ የማያውቅ ሰው ቢያንስ ከመምህሩ ኋላና ከባንክ ሠራተኛው ፊት መሆኑን ያውቃል።

ደግሞ ለውጥ መጣ። ማርፈድ ቀረ። ሁለቱ የተያያዙት ሰዎች ታረቁ፤ ማለቴ አልታረቁም፣ ጠባቸውን የሚጠቅሱበት ጊዜ አጡ። የስታዲየሞቹን አቻ ወጣናቸው፣ ያን ቀን የተቃቀፍነው መተቃቀፍ ዋንጫ የወሰደ አገር አልተቃቀፈውም። ሰውዬውን ሰብሳቢ አልነው። አንድ እሁድ ላይ ደግሞ ማንም ሳያዝ አንቱ አልነው። ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳል። "ሰብሳቢ፣ ውሃ ይጠጣሉ?" ስል ራሴን ሰማሁት።

ግምገማ የመጣው ከዚያ ነው። መሥሪያ ቤት ውሎ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ብሏል። ለማያውቀው ልንገረው፤ ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ እያንዳንዱ መጀመሪያ የራሱን ጥፋት ይናገራል፣ ይህ ግለሂስ ይባላል፤ ቀጥሎ ሌሎቹ እሱ የረሳውን ያስታውሱታል፣ ይህ ሂስ ነው። መጨረሻ ላይ ያጠፋው ሰው አመስግኖ ይቀመጣል። አብዛኞቻችን ጎልማሳነታችንን ያሳለፍነው በዚህ ስብሰባ ነው። እንደ ጉንፋን እንጠላው ነበር። ታዲያ ነፃ በሆንንባት በአንዲቷ ቀን፣ በገዛ ሜዳችን፣ ሰብሳቢው "አጠር ያለች ግምገማ ብናደርግስ?" ሲል ሁላችንም እንዳልናፈቀን ሆነን ክብ ሠራን። እንዴት እንደሚሠራ የጠየቀ የለም። ሐጂ ብቻ መሐል ቆመው፣ "ዱዓ ነው?" አሉ።

መምህሩ ጀመረ። ቅዳሜ ማታ ዱለት አብዝቶ በመብላቱ ቡድኑን እንደጎዳ ገለጸ። ሌላው ጫማውን ሳይጠርግ በመምጣቱ ለዓላማው ያለው ክብር መላላቱን አመነ። የባንክ ሠራተኛው ተነሥቶ፣ ሰብሳቢው ባወጡት የማዕዘን ምት ዘዴ በልቡ ተጠራጥሮ እንደነበር፣ ለማንም ግን እንዳልተናገረ ተናዘዘ። ማንም አልጠየቀውም እኮ፤ ልቡ ውስጥ ማን ገብቶ ያየዋል? ተጨበጨበለት። ሲቀመጥ ፊቱ ጠበል የተጠመቀ ሰው ፊት ይመስል ነበር። እኔ ተራዬ ሲደርስ ቀልድ እንደማበዛ ተናገርኩ። ሳልቀልድ ስለተናገርኩት ሰው ሳቀ፣ ሰብሳቢው ግን አልሳቀም።

ችግሩ፣ ጥፋታችንን ሁሉ ከተናዘዝን በኋላም ተሸነፍን። አንዴ ብቻ ሳይሆን በተከታታይ ተሸነፍን። በቀድሞው ጊዜ ቢሆን ምክንያቱ ቦርጫችን ነው ብለን እንስቅ ነበር። አሁን ግን ሰብሳቢ አለን፣ ዘዴ አለን፣ ቆጠራ አለን። ይህ ሁሉ እያለ እንዴት እንሸነፋለን? ሰብሳቢው ተሳስተዋል ማለት ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራ ነገር ነበር፤ ምክንያቱም ወደዚያ ወደ አንገት ለአንገቱ ልንመለስ ነው። ስለዚህ መሐላችን ቡድኑን የሚጎዳ ሰው አለ መባል ተጀመረ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። እንደ ፉል ቤቱ ሽንኩርት ሽታ፣ ሁሉም ላይ አለ፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ዓይኖች ወደ ጎሉ ዞሩ። እንዲያው ስታስበው በረኛ ምቹ ነው፤ ብቻውን ይቆማል፣ ልብሱ ይለያል፣ ኳሷም በመጨረሻ የምትታየው እሱ ጋ ነው። ለዓመታት ሐጂን "አቦ፣ ቆቡን ልቀቁና ኳሷን ያዙ" እያልን የሳቅንበት ነገር፣ አሁን በጉንፋን ድምፅ "የበረኛው ጉዳይ" ተባለ። ሰብሳቢው በሚቀጥለው እሁድ በረኛው ግለሂሳቸውን እንዲያቀርቡ፣ ከቡድኑ ጋር መቀጠል አለመቀጠላቸውም በዚያው እንዲወሰን ሐሳብ አቀረበ። እንዳጨበጨብን አስታውሳለሁ። ጭብጨባው ውስጥ ያለውን እፎይታም አስታውሳለሁ፤ እኔ አይደለሁም የሚል እፎይታ ነው። ሰው እንዲህ ያለ እፎይታ አንዴ ከቀመሰ፣ በየሳምንቱ አንድ ሰው ይፈልጋል።

በሳምንቱ መሐል ሐጂ ደወሉልኝና ስታዲየም አካባቢ አንድ ሻይ ቤት ተገናኘን። የሽማግሌ ነገር ሆኖ ሰላምታው ብቻ አንድ ሻይ ጨረሰ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ "አንተ የቢሮ ሰው ነህ። ይህን ነገር ታውቀዋለህ። ምን ልበል?" አሉኝ።

ይተዉት፣ ቢቀርብዎስ አልኳቸው። ከአራተኛ ፎቅ ተነሥቶ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ለመሰደብ መምጣት ምን ይባላል አልኩ። ስኳሩን ሲያማስሉ ቆዩ። እኔም ነገሩ ገባኝና እንደ ጠበቃ ኮሌታዬን አስተካክዬ ማስተማር ጀመርኩ። በዚህ ጥበብ ዶክትሬት አለኝ፤ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ከእኔ በላይ ያጠፋ ቢኖር እንጂ ከእኔ በላይ የተናዘዘ የለም።

"ሐጂ፣ እጄ ዘገየ እንዳይሉ" አልኳቸው። "እጅዎ ከዘገየ ያሰናብቱዎታል። አመለካከቴ ነው የዘገየው ይበሉ።"

"አመለካከቴማ ደህና ነው። እጄ ነው የዘገየው። ስድሳ አለፈኝ እኮ።"

"ያውቃሉ። ግን እጅ አይታረምም፣ አመለካከት ይታረማል። ሊታረም የሚችለውን ሰው አያባርሩትም፣ ያቆዩታል።"

"ታዲያ ውሸት አይደለም?"

"ግምገማ ነው፣ ሐጂ።"

ሁለተኛ ሻይ አዘዝንና ተለማመድን። "ጎል የገባው እኔ ለቡድኑ ያለኝ ተቆርቋሪነት ስለላላ ነው" የሚለውን ስድስቴ ሳላስደግማቸው አልቀረሁም። መጀመሪያ ሲናገሩት እየሳቁ ነበር። በኋላ መሳቁን ተዉት። አስተናጋጇ ሰው ሞቶባቸው መስሏት ሻዩን ቀስ ብላ አስቀምጣ ሄደች። ስንለያይ እጄን ጨብጠው፣ "አብሽር፣ አላሳፍርህም" አሉኝ።

እሁድ ደረሰ። ተሸነፍን፣ ክብ ሠራን። ሐጂ ጓንታቸውን አውልቀው፣ ቆባቸውን አስተካክለው ተነሡ። እኔ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አብሬያቸው አልኩት ማለት እችላለሁ። አንድ ቃል አልሳቱም። ተቆርቋሪነታቸው መላላቱን፣ ጎሉን እንደ ግል ንብረት ማየታቸውን፣ የሰብሳቢውን መመሪያ በጆሮ እንጂ በልብ አለመስማታቸውን በዚያ በወሎ ዜማቸው ሲናገሩት፣ እኔ ራሴ አመንኳቸው። መምህሩ ዓይኑን ጠረገ። በቃ፣ ተረፉ አልኩ።

ሰብሳቢው አፍንጫውን ጠረገና፣ "ጥሩ ነው። ግን ሐጂ፣ እርስዎ ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ይህ አመለካከት ከየት መጣ?" አላቸው።

ይህን አላስተማርኳቸውም። ቢሮ ውስጥ የለመድኩት ጥያቄ ነው፣ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ሐጂ ክቡን ዞረው አዩት። ሁሉም ሰው ጫማውን ያያል። የሳቸው ዓይን ፊት ለፊት ቀና ብሎ ያገኘው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያየኋቸው ላበረታታቸው ብዬ ነው።

"ሳቅ ነው" አሉ። "እዚህ ወንድሜ ጎል አጠገብ እየመጣ ያስቀኛል። ሰው ሲስቅ ደግሞ ኳስ አያይም።"

እውነት ነው እኮ። አስቃቸው ነበር። ካሉት ሁሉ ውሸት ያልሆነው እሱ ብቻ ነው። ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ፣ ክቡም ተከትሎ ነቀነቀ፣ ለዓመታት በቀልዴ የሳቁ ሰዎች በተራ በተራ እየተነሡ የሳቁበትን ቀን እያስታወሱ አዘኑ። መምህሩ አንዴ በቀልዴ ምክንያት ቅጣት ምት መሳቱን ገለጸ። መጨረሻ ላይ አቋሜን እስካስተካክል ከቡድኑ ልታገድ፣ ሐጂም በጎላቸው ይቀጥሉ የሚል ሐሳብ ቀረበ። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ ተባለ። ሁሉም አወጣ። ወደ ላይ ሳይ አንድ የማውቀው ሰዓት ያሰረ እጅም ወጥቷል። የኔ ነው። እንዲያውም ከአንዳንዶቹ ቀድሞ ሳይወጣ አልቀረም። አመስግኜ ተቀመጥኩ።

ከሜዳው ስወጣ አልተናደድኩም። ሰው ባያምነኝም ደስ የሚል ነገር ነበረው፤ ቢያንስ ስለ እኔ በግልጽ ተወስኗል። ሐጂ በሩ ድረስ ተከትለውኝ መጡ። ከፋህ ወይ አሉኝ፣ አልከፋኝም አልኩ። እንደምንም አንድ ሰው መጥቀስ ነበረብኝ አሉ፣ አውቃለሁ አልኳቸው። ከኋላቸው ፊሽካ ሲነፋ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ሮጡ። ሐጂ ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ። ነገ ግምገማውን ከፍቶ የሚናገረው እሳቸው እንዲሆኑ ሰብሳቢው መርጧቸዋል። ድምፃቸው ላይ ኩራት ነበረ፣ ሊደብቁት ቢሞክሩም አልቻሉም። አሁን ስማቸውን የሚጠራ ሰው አለ ማለት ነው። ስለ መክፈቻው ተነጋገርን፣ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስተካከልኩላቸው። ከዚያ ትንሽ አመነቱና፣ "አንተን በሚመለከትስ? ተሻሽሏል ልበል?" አሉ።

አሰብኩበት። እንደ ባለሙያ ነው ያሰብኩት።

"አይበሉ" አልኩ። "ተሻሽሏል ካሉ፣ በምን አወቁ ይሉዎታል። ይገናኛሉ እንዴ ይሉዎታል። ገና ነው ይበሉ።"

በስልኩ ውስጥ ልጃቸው ከጎን ምሳ ቀርቧል እያለች ስትጠራቸው ይሰማኛል።

"ልክ ነህ" አሉ ሐጂ። ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ አልደወሉልኝም። እኔም አልደወልኩም፤ ብደውል የሚጎዱት እሳቸው ናቸው።